ስክሮል ሳደርግ ፊደል ይቆራረጣል፣ ቪዲዮ ላይ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ነው ወይስ ብሮውዘሩ?

ማህደር

ሰላም ለዚህ ቤት። የዚህ ላፕቶፕ ነገር ራሴን ሊያዞረኝ ነውና እስቲ የምታውቁ እርዱኝ።

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ብሮውዘር ውስጥ ሰነድ ከፍቼ እውላለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገጹን ወደ ታች ስስበው ጥቁር አራት ማዕዘን ነገሮች ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ መስመር ከመሃሉ ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ይቀራል። ታብ ስቀይር ደግሞ የበፊቱ ገጽ ቅሪት አዲሱ ላይ ተለጥፎ ይታያል። የሚገርመው ማውሱ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ ይስተካከላል። አሁን አንድ አንቀጽ ለማንበብ መጀመሪያ በማውስ መጥረግ ሆኗል ሥራዬ።

በዚያ ላይ ቪዲዮ ስከፍት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ጭልም ይልና ወዲያው ይመለሳል።

ዕቃው እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ 11፣ ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ሌላው ለብቻው ነው። ትልቅ ሞኒተር ሰክቼ ነው የምሠራው። የስክሪኑን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ።

ካሽ አጥፍቻለሁ፣ ሂስትሪ አጥፍቻለሁ፣ ብሮውዘሩን አራግፌ እንደ አዲስ ጭኛለሁ። ሪስታርት ሳደርግ ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ነው። ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው አይቶ «ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ላፕቶፕ ግዢ» አለኝ። ግን የወንድሜ ልጅ ጌም ሲጫወትበት ነው የሚያመሸው፣ አንድም ቀን ችግር አላየበትም። የሞተ ካርድ ጌም ያጫውታል እንዴ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያገኘሁትን ሁሉ ነካክቼ ሌላ ነገር ሳላበላሽ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ቶሎቶሎ

ቀላል ነው። ሴቲንግስ ግቢ፣ ሲስተም የሚለውን ክፈቺ፣ «ዩዝ ግራፊክስ አክስለሬሽን ዌን አቬይለብል» የሚለውን አጥፊና ሪላንች በይው። አለቀ ደቀቀ። እኔም በዚህ ነው የተገላገልኩት።

ጠጋኝ

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚሉት ይሄን ነው። ወንድሜ ያልከው ነገር ይሠራል፤ ግን ምርመራ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። አክስለሬሽን ሲጠፋ ግራፊክሱ ይሠራው የነበረው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ገጹን መሳል እሱ፣ ቪዲዮ መፍታት እሱ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ ይንቀረፈፋል። የተበላሸው ነገር ግን እዚያው ተቀምጧል።

ማህደር፣ «ሞቷል» ያለሽን ሰው ለጊዜው ተይው። እየሞተ ያለ ካርድ ብሮውዘር አይመርጥም። ላፕቶፑ ገና ሲበራ፣ የአምራቹ አርማ ሲወጣ፣ ወይም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ስትገቢ ሳይቀር መስመርና ነጠብጣብ ያሳይሻል። እዚያ ላይ ዊንዶውስም ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ገና አልተነሱም። አንቺ ዘንድ ይሄ የለም። የጌሙን ነገር ግን ብዙ አትመኪበት። ጌም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ባለው ካርድ ነው፤ ብሮውዘር ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ አብሮ በተሠራው ላይ ይነሳል። ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፣ ድራይቨራቸውም ለየብቻ ነው።

አሁን ወደ ማውሱ። እሱ ሳታውቂው ትልቅ ነገር ነግሮሻል።

ብሮውዘር ገጹን በየቅጽበቱ ከባዶ አይስለውም። ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ አንዴ ስሎ ግራፊክስ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስክሮል ስታደርጊ አብዛኛው ነገር እንደ አዲስ አይሳልም። ቀድመው የተሳሉት ቁራጮች ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ። ስክሮል የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው። አንዱ ቁራጭ ሜሞሪ ውስጥ እያለ ቢበላሽ ብሮውዘሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ስያለሁ፣ አስቀምጫለሁ» ብሎ ያንኑ ያመጣልሻል። ጥቁሩ አራት ማዕዘን እሱ ነው። የድሮው ታብ ቅሪትም እሱው ነው፤ ያ የሜሞሪ ቦታ ላይ ቀድሞ የነበረ ሥዕል ሳይጠረግ የቀረ። ማውሱን ስታስጠጊ ግን ሊንኩ ቀለም ይቀይራል፣ መስመሩ ደመቅ ይላል። ብሮውዘሩ ያንን ቁራጭ እንደገና ለመሳል ይገደዳል፣ ተስሎም ደህና ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ ገጹ ጤነኛ ነው፣ ብሮውዘሩም መሳል ያውቃል። የተበላሸው ተስሎ የተቀመጠው ነው።

ካሽና ሂስትሪ ማጥፋት ያልረዳሽም ለዚህ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የነበረው። ያ ካሽ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል የሚቀመጥበት ነው፤ ከግራፊክስ ሜሞሪ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ፊደሎቹ ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ብሮውዘሩ አንድን ፊደል በመጣ ቁጥር አይስለውም። አንዴ ይስለውና ሜሞሪ ውስጥ ባለ አንድ የጋራ ሉህ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ በየቦታው እንደ ማህተም ይመታዋል። ማህተሙ ከተሰነጠቀ የተመታበት ወረቀት ሁሉ ስንጥቅ ያሳያል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዝርያው ከ230 በላይ ቅርጽ ስላለው አንድ ተራ የአማርኛ ገጽ ሉሁን በብዙ ማህተም ይሞላዋል። ባለ 26 ፊደል ጽሑፍ ላይ ሳይታይ የሚያልፍ ብልሽት እኛ ጋ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ ነገር እይልኝ፤ የሚሰበረው ፊደል ያው አንዱ ነው በየቦታው? ወይስ መስመሩ በአጋጣሚ የወደቀበት ቦታ ላይ ሁሉም ፊደል ይቆረጣል?

በነገራችን ላይ ፊደሉ ተሰብሮ ሳይሆን ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ነገሩ ግራፊክስ አይደለም፣ ፎንት ነው። ዊንዶውስ ላይ የእኛን ፊደል የያዘው ኤብሪማ ነው፤ የድሮው ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጫነው። ይሄን የምለው ሌላ ሰው በኋላ ይሄን ጽሑፍ ፈልጎ ቢመጣ ግራ እንዳይገባው ነው።

እስካሁን ምንም አትቀይሪ። እነዚህን ብቻ ሞክረሽ ንገሪኝ። ጥቁሩ ሳጥን ሲወጣ ስክሪንሾት አንሺ፤ ብልጭታው ሲመጣም እንዲሁ፣ ካልያዝሽው ስክሪኑን በሪከርደር ቅጂው። ሥዕሉ ላይ ብልሽቱ ካለ ከሞኒተርና ከኬብል በፊት ነው የተበላሸው። ከሌለ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው፤ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን። ቀጥሎ ፋየርፎክስ ጫኚና ያንኑ ሰነድ ክፈቺ። ካያያዝሽው ፎቶ እንዳየሁት ብሮውዘርሽ ከክሮሚየም ወገን ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ብሮውዘር መቀየር አይባልም። ፋየርፎክስ ግን ገጹን የሚስለው በሌላ ሞተር ነው። ከዚያ በራስሽ ብሮውዘር የእንግዳ መስኮት ከፍተሽ እይው፤ ኤክስቴንሽኖችሽ እዚያ አይሠሩም። የመጨረሻው የቶሎቶሎ ነው፦ አክስለሬሽኑን ለአፍታ አጥፊው፣ እይው፣ መልሰሽ አብሪው።

እና ዋናው ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚጀምረው? ሪስታርት ካደረግሽ በኋላ ምን ከሠራሽ ወዲህ?

ጡረተኛው

ልጄ ማህደር፣ እኔ የሠራሁት ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩን በኋላ ነው የለመድኩት። ለብልጭታው መጀመሪያ ኬብሉን ነበር የምጠረጥረው። ነቅለሽ በደንብ ሰክተሽ እይው፣ ከተገኘም በሌላ ቀይሪው። ሁለተኛ፣ አንድ ቪዲዮ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጪና ብሮውዘሩን ጨርሶ ዘግተሽ በቪዲዮ ማጫወቻው ክፈቺው። ብልጭታው እዚያም ካለ ብሮውዘሩን በሐሰት አትክሰሺው።

ማህደር

ኧረ ይባረኩልኝ ጋሼ። ጠጋኝ አንተም ተባረክ። ሁሉንም አየሁ፣ በየተራ ልንገራችሁ።

ፊደሎቹ፦ ጉድ ነው! የሚሰበረው እውነትም አንዱ ነው። ዛሬ «ኛ» ነበር። ቆቡ ተቆርጦ «ና» መስሏል፣ በሰነዱ ሁሉ ላይ። «አንደኛ» የሚለው «አንደና»፣ «ዳኛ» የሚለው «ዳና» ሆኖ ተደርድሯል። አራሚ ለሆነ ሰው ከዚህ የባሰ ሰይጣን የለም። ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎኝ ላስተካክል ማውሱን ሳስጠጋ ቆቡ ብቅ አለ።

ስክሪንሾቱ ላይ የተቆረጠው ፊደልና ጥቁሩ ሳጥን ቁልጭ ብለው አሉ። ብልጭታው ግን የለም! በሪከርደር ቀድቼ ሳየው ቪዲዮው ንጹህ ነው፤ እኔ ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ጭልም ሲል ቅጂው ላይ ምንም የለም።

ፋየርፎክስ ላይ ፊደሉ ደህና ነው። ብልጭታው ግን እዚያም አለ። የእንግዳ መስኮት ምንም አልቀየረም። አክስለሬሽን ሳጠፋ ፊደሉ ዳነ፤ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። መልሼ አብርቼዋለሁ።

ጋሼ፣ ኬብሉን ቀይሬ አየሁት፣ ለውጥ የለም። ያስቀመጥኩትን ቪዲዮ በማጫወቻው ስከፍት ብልጭታው እዚያም መጣ። ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ብቻ ሳጫውተው ደግሞ የለም።

መቼ ይጀምራል ላልከው፦ ሪስታርት ካደረግሁ በኋላ ስሠራ ደህና ነው። ክዳኑን ዘግቼ ሄጄ ስመለስ ነው። ከፍቼ ስቀጥል ሳጥኖቹ እዚያ ናቸው። እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፤ አሁን ሆን ብዬ ዘግቼ ስከፍተው ወዲያው መጣ።

ጠጋኝ

ይሄ ነው መልስ ማለት። ያለሽ አንድ በሽታ አይደለም፣ ሁለት ነው። ባንድ ሰሞን ስለመጡ አንድ መስለውሽ ነበር። ለየብቻ እንያቸው።

የፊደሉ። ከእንቅልፍ በኋላ ብቻ የሚመጣ፣ ክሮሚየም ላይ ብቻ የሚታይ፣ ስክሪንሾት ላይ የሚያዝ። ላፕቶፑ ሲተኛ ግራፊክሱም ይተኛል። ሲነቃ ሜሞሪው ውስጥ የነበረውን ነገር ሁሉ በትክክል መመለስ፣ ካልቻለም «ጠፍቷል፣ እንደገና ሳሉ» ብሎ ለፕሮግራሞቹ መንገር የድራይቨሩ ሥራ ነው። የአንቺ ድራይቨር ይሄን በትክክል የሚሠራ አይመስልም። ብሮውዘሩም የተሰበረውን ማህተም ይዞ መምታቱን ይቀጥላል። ፋየርፎክስ ለምን አመለጠ? ሜሞሪውን የሚይዝበት መንገድ የራሱ ስለሆነ ያንኑ ጉድጓድ አልረገጠውም።

ለዛሬ ሥራሽን ላለማቆም አንድ ዘዴ ልስጥሽ። ሪስታርት አያስፈልግም። ብሮውዘሩ ላይ ሆነሽ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚ። የብሮውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የዊንዶውሱ አይደለም። «ጂፒዩ ፕሮሰስ» የሚል መስመር (ጂፒዩ ማለት ግራፊክሱ ነው) ፈልጊና «ኢንድ ፕሮሰስ» በይው። መስኮቱ ለቅጽበት ነጭ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ አዲስ ተስሎ ይመለሳል። ታቦችሽ አይዘጉም። እነዚህ ብሮውዘሮች ግራፊክሱን የሚያናግረውን ክፍል ከገጾቹ ለይተው ለብቻው ስለሚያስነሱት ነው እሱ ቢገደልም ገጾቹ የሚተርፉት። ብቻ ጨዋታ ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ካርታ የከፈተ ታብ ካለ እሱ ሪፍሬሽ ሊፈልግ ይችላል። ደጋግመሽም አትግደይው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ከወደቀ ብሮውዘሩ ግራፊክሱን ተስፋ ቆርጦ ወደ ፕሮሰሰር ይዞራል፣ ማራገቢያሽም ተመልሶ ይጮኻል።

መላው ስክሪን ከተበላሸ ደግሞ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አራቱን አንድ ላይ። ድራይቨሩ ራሱ ነው የሚነሳው። ቢፕ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ።

ዋናው መድኃኒት ግን ድራይቨሩ ነው። የአድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክሮም»፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ «ጂፒዩ» ብለሽ ግቢ። ረጅም ገጽ ይመጣል፣ አትፍሪው። ላይኛው ክፍል የትኛው ሥራ በግራፊክስ፣ የትኛው በሶፍትዌር እንደሚሠራ በአረንጓዴና በቀይ ይነግርሻል። ወረድ ስትይ ሁለቱ ግራፊክሶች ተዘርዝረዋል። «አክቲቭ» የሚል ያለበት ብሮውዘሩ አሁን የሚጠቀምበት ነው። ዝቅ ብሎ የድራይቨሩ ዕትም አለ፤ ቀኑን ደግሞ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ታገኚዋለሽ። እነሱን ጻፊልኝ።

ቀኑ ላይ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2006 የሚል ካየሽ አትደንግጪ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር ለሚመጡት ድራይቨሮቹ ሆን ብሎ የሚለጥፈው ቀን ነው፤ ሌላ አምራች ያወጣው ድራይቨር ሲመጣ ሁሌ አዲስ ሆኖ እንዲቆጠር። ግራፊክስ ላይ ካየሽው ግን «ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚለው መናኛ ድራይቨር ነው የምትሠሪው ማለት ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ብልጭታው። ጋሼ ያሉት ምርመራ ትልቅ ነው፤ ማጫወቻው ላይም ከመጣ ብሮውዘሩ ነጻ ወጣ። ኬብልም አይደለም፤ ተቀይሮም አልዳነም። ከዚያ ሌላ ኬብል የሚያልፍበት ቪዲዮ ይሁን ጽሑፍ አያውቅም፤ ቢበላሽ ሰነድ ላይም ብልጭ ይል ነበር።

ለየት ያለ ነገር አለ ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ ቪዲዮን ሁሌ ከሌላው መስኮት ጋር አዋህዶ አይስለውም። ኃይል ለመቆጠብ ቪዲዮውን ለብቻው እንደ ተደራቢ ንብርብር አድርጎ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ይልከዋል። ኦቨርሌይ ይሉታል። ከንብርብር ወደ ውህድ፣ ከውህድ ወደ ንብርብር ሲቀያየር ድራይቨሩ ከተደናበረ ጭልም ይላል። የሚጨልመው መጨረሻ ላይ፣ ሥዕሉ ወደ ስክሪኑ ሲወጣ ስለሆነ ስክሪንሾትም ሪከርደርም አይደርሱበትም። «ሥዕሉ ላይ ከሌለ ሞኒተሩ ነው» ብለው ደህና ሞኒተር የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ያሳዝናሉ።

ይሄ ነገር የሚብሰው ሁለት ስክሪን ሲኖርና ፍጥነታቸው ሲለያይ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተሽ የሁለቱንም ሪፍሬሽ ሬት (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) እይ። የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም 60 አድርጊና ቪዲዮውን ክፈቺ።

ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች መዝገብ) ውስጥ ኦቨርሌዩን ጨርሶ የሚያጠፋ መላ አለ፤ የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያም ይሄንን የሚያደርግ ፋይል ለተጠቃሚዎቹ አውጥቶ ነበር። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ግን አልነግርሽም። ሬጂስትሪ ነክቶ መርሳት ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው የማያገኘው ብልሽት መትከል ነው።

ፔንግዊን

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ አንድ ቃል ልጨምር። ከእንቅልፍ በኋላ ፊደልና አይኮን መበጣጠስ እዚህም የታወቀ ነው፣ በተለይ ለብቻው ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ። መጀመሪያ ዌይላንድ ላይ ናችሁ ወይስ ኤክስ11 (ሊኑክስ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳይባቸው ሁለት ሥርዓቶች ናቸው) የሚለውን እዩ፤ ሎግኢን ስታደርጉ በሌላው ግቡና አወዳድሩ። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ሰፖርት» ብላችሁ ስትገቡ ግራፊክስ የሚል ክፍል አለ። «ኮምፖዚቲንግ» የሚለው መስመር ላይ ዌብሬንደር ብቻ ካለ በግራፊክስ ነው የሚሠራው፤ ሶፍትዌር የሚል ከተጨመረበት በፕሮሰሰር ነው። ኤክስቴንሽን ከጠረጠራችሁ ትራብልሹት ሞድ አለ፤ የድሮው ሴፍ ሞድ ማለት ነው።

ቶሎቶሎ

እኔ በቃ አክስለሬሽን አጥፍቼ ነው የምኖረው፣ ምንም አልሆንኩም። ዴስክቶፕ ስለሆነ ባትሪም የለኝ።

ጠጋኝ

ጠንካራ ፕሮሰሰር ካለህና ከባድ ቪዲዮ ካላየህ ኑርበት፣ ማንም አይከለክልህም። እሷ ግን ላፕቶፕ ላይ ናት፣ ቀኑን ሙሉ።

ማህደር

ተመለስኩ። ገጹን ከፈትኩት፤ ጠጋኝ አትፍሪው ባትለኝ ኖሮ ወዲያው ነበር የምዘጋው።

ሁለት ግራፊክስ ተዘርዝሯል፣ አክቲቭ የሚለው አብሮ የተሠራው ላይ ነው። የሁለቱን ድራይቨር ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ አወዳደርኩ። ለብቻው ያለው ካርድ ድራይቨር ትኩስ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ለጌሙ ሲል እየተከታተለ ነው የሚያድሰው። አብሮ የተሠራው ግን ላፕቶፑን ከመግዛቴ በፊት የነበረ ነው! ከፋብሪካ እንደወጣ ማንም አልነካውም።

ሪፍሬሽ ሬቱም ያልከው ነው፤ የላፕቶፑ 144፣ የትልቁ ሞኒተር 60። ሁለቱንም 60 ሳደርግ ብልጭታው ቀጥ አለ። መልሼ 144 አደረግሁት፣ መጣ። እንደገና 60፣ ጠፋ።

የጂፒዩ ፕሮሰሱንም ገደልኩት። «ኛ» ቆቡን አደረገ። ይሄ ዘዴ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

አሁን ድራይቨሩን ከየት ላውርድ? ፍለጋ ላይ «ድራይቨርዎን በአንድ ጠቅታ ያድሱ» የሚል መዓት ነገር መጣ።

ጠጋኝ

እነዚያን እንዳትነኪያቸው። ድራይቨር አድስልሻለሁ የሚል የማይታወቅ ፕሮግራም ከሚያድሰው የሚጭነው ቆሻሻ ይበልጣል።

መጀመሪያ የላፕቶፕሽ አምራች ድረ ገጽ ሂጂ። ሞዴሉን አስገብተሽ ዲስፕሌይ ወይም ግራፊክስ በሚለው ሥር ያለውን አውርጂ። ሁለት ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ አምራቹ ድራይቨሩን ለማሽኑ አስተካክሎ የሚያወጣበት ጊዜ አለ፣ በተለይ የእንቅልፍና የስክሪን ነገር ላይ። እዚያ ያለው ራሱ ያረጀ ከሆነ የቺፑ አምራች ድረ ገጽ ቀጥሎ ነው። ከመጫንሽ በፊት ሪስቶር ፖይንት (ነገር ቢበላሽ ዊንዶውስን የምትመልሺበት ነጥብ) ፍጠሪ። አዲሱ ካልተስማማሽ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ግራፊክሱን በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ «ሮል ባክ ድራይቨር»፤ የቀድሞው ይመለሳል።

ከተጫነ በኋላ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጊ። ከዚያ ብሮውዘሩን ዝጊና መረጃውን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ «ጂፒዩካሽ» እና «ሻደርካሽ» የሚሉ ፎልደሮች ካገኘሽ አጥፊያቸው። እነዚህ ለግራፊክሱ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ድራይቨር ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይተዋቸዋል፤ የተበላሸ ካለ ግን ከሥሩ ይነቀል። ብሮውዘሩ ሲነሳ እንደገና ይሠራቸዋል፣ ፓስወርድሽም ቡክማርክሽም አይነካም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊደሉ ካልዳነ «ፍላግስ» በሚባለው የብሮውዘሩ የሙከራ ማስተካከያዎች ገጽ ላይ «አንግል» የሚባል ምርጫ አለ። ብሮውዘሩ ግራፊክሱን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያናግር ይወስናል። ዊንዶውስ ላይ በዲፎልት ዲ3ዲ11 ነው፤ ወደ ኦፕንጂኤል መቀየር የድራይቨሩን የተበላሸ መንገድ ሊያዘልልሽ ይችላል። ፍላግ ግን የሙከራ ዕቃ ነው፣ በአዲስ ዕትም ላይ ስሙ ሊቀየር ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

ጡረተኛው

ድራይቨሩን ስትጭኚ ቻርጀሩን ሰክተሽ ይሁን። ስክሪኑም መሃል ላይ ይጠቁራል፣ ደንግጠሽ እንዳታጠፊው።

ማህደር

እሺ ጋሼ። ጥሩ ነገር ነገሩኝ፤ እውነትም ጠቁሮ ቆየ፣ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር።

አዲሱ ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ወርዶ ተጭኗል። ክዳኑን እየዘጋሁ እየከፈትኩ ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ሳብኩት። ሳጥን የለም፣ ቅሪት የለም። «ኛ»ም፣ «ሽ»ም፣ «ቿ»ም ሙሉ ናቸው። አንግል የሚለውን አልነካሁትም፣ አላስፈለገም። አክስለሬሽኑ እንደበራ ነው፣ ጂፒዩ ገጹም ላይ አረንጓዴ ነው።

ብልጭታውን በአዲሱ ድራይቨር እንደገና ሞከርኩት። በ144 እና በ60 አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ እንደ በፊቱ ግን አይደለም። እኔ ለጽሑፍ 144 ምን ይሠራልኛል? ሁለቱም 60 ላይ ናቸው። የወንድሜ ልጅ ሲመጣ ግን ጌሜ ለምን ተንቀረፈፈ ማለቱ አይቀርም።

ጠጋኝ

እሱ ሲጫወት ትልቁን ሞኒተር ይንቀለውና 144 ያድርገው። አንድ ስክሪን ብቻ ከሆነ የሚለያይ ፍጥነት የለም። ሲጨርስ ግን ወደ 60 ይመልስልሽ፤ ነገ ሞኒተሩን ስትሰኪው እንዳይጀምርሽ። ድራይቨር ማደስ ስለሚወድ ደግሞ አብሮ የተሠራውንም በዚያው ይይልሽ።